ለድባቴ አጭር የኦንላይን ራስ አገዝ፦ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መሥራት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንቅልፍ የለም። ስልኩ ፊታችን ላይ ያበራል። መፈለጊያው ላይ «ድባቴ እንዴት ይለቃል» ብለን እንጽፋለን። የመተግበሪያ መዓት ይመጣል። አምስቱን እናወርዳለን። አንዱን ከፍተን ኢሜይል ሲጠይቀን እንዘጋዋለን። ጠዋት አምስቱም እዚያው ናቸው። እኛም እዚያው ነን።

ይህን ያደረግሁት አንዴ አይደለም። ስልኬ ላይ ስሜት የሚመዘግብ፣ ትንፋሽ የሚያስቆጥር፣ ጠዋት ጠዋት ጥቅስ የሚልክ ነገር ሞልቶ ነበር። ሁለተኛ ቀን የተከፈተ ግን የለም። ትንሽ ለውጥ ያየሁት ሌላ ዓይነት ነገር ስሞክር ነው። ግማሽ ሰዓት ወሰደ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አስያዘኝ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አስመረጠኝ። ከዚያ «በቃ፣ አሁን ስልኩን ዝጋና ሂድ» አለኝ። ይህ መመሪያ እንዲህ ያሉትን እንዴት መምረጥና መሥራት እንደሚቻል ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራ። «ዛሬ ደብሮኛል» ስንል የአንድ ከሰዓት ስሜት ሊሆን ይችላል። እዚህ ድባቴ የምለው ሕመሙን ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ከቀን ቀን ልብ ይከብዳል፣ ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ጣዕም ያጣል። ከዚያ ጋር እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ሐሳብን መሰብሰብ ይታወካሉ።

በኢንተርኔት የሚሰጡት አጫጭር መርጃዎች ሁለት መልክ አላቸው። አንዱ ከአምስት እስከ ስምንት ክፍል ያለው፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ የሚሠራ ነው። ይህ ቆየት ያለ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ «ሙድጂም» የተባለውን ድረ ገጽ የከፈተው በ2001 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሌላው ደግሞ አንዴ ቁጭ ብለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱት ነው። ይኼኛው የቅርብ ጊዜ ነው።

«ግማሽ ሰዓት ምን ይሠራል?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። በ2022 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 2,452 ታዳጊዎች ተሳትፈዋል። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16 ነበር። የኮቪድ ወረርሽኝ በበረታበት ጊዜ ነው የሠሩት። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ አንድ የኦንላይን ሥራ የሠሩት ከሦስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክታቸው ከማነጻጸሪያው ቡድን ቀንሶ ተገኘ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ግን በነጻ፣ ያለ ወረፋ፣ በፒጃማ ለተሠራ ግማሽ ሰዓት ትንሽም ቢሆን ይቆጠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ስልኩ የማይበቃበት ጊዜ

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉት።

ራሳችሁን የማጥፋት ሐሳብ ካለ፣ በተለይም «እንዴት» እና «መቼ» የሚለው ጭምር መታሰብ ከጀመረ፣ መተግበሪያ አትክፈቱ። እንዲረዳችሁ ሰው ጥሩ። አጠገባችሁ ያለውን ቀስቅሱ፣ የምታምኑት ሰው ጋ ደውሉ፣ ያላችሁበት አገር የአደጋ ጊዜ ቁጥር ላይ ደውሉ ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ብቻችሁን አትሁኑ። ራሳችሁን ልትጎዱበት ያሰባችሁት ነገር ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ሰው ይዞት ይውጣ። ምን ማለት እንዳለባችሁ ከጠፋችሁ «ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ፣ ብቻዬን መሆን የለብኝም» ማለት ይበቃል።

ሌሎችም አሉ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት። ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት መትረፍረፍና ወሬ መፍጠን፣ ከዚያ መውደቅ። መብላትና መጠጣት እስከ ማቆም መድረስ። ከወሊድ በኋላ የመጣ ከባድ ድባቴ። እነዚህ በቀጥታ የሐኪም ጉዳዮች ናቸው።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ይህን ስለጀመራችሁ አታቋርጡ። አብረው ይሄዳሉ።

1. ነጥባችሁን ውሰዱ

ሰው ትኩሳቱን ሳይለካ «ቀንሶልኛል» አይልም። ለድባቴም መለኪያ አለ። «ፒኤችኪው-9» ይባላል። በ2001 የወጣ፣ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ በነጻ የሚገኝ የዘጠኝ ጥያቄዎች ቅጽ ነው። የአማርኛ ትርጉምም አለው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄዎቹ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቁት። ደስታ ማጣት፣ ልብ መክበድ፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ በመጨረሻም የሞት ሐሳብ። ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» ካላችሁ 0፣ «አንዳንድ ቀን» 1፣ «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» 3 ትሰጣላችሁ። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሆናል።

ከ5 እስከ 9 ቀላል ነው። ከ10 እስከ 14 መካከለኛ። ከ15 እስከ 19 ጠንከር ያለ። 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ። ቁጥሩ ምርመራ አይደለም፤ ድባቴ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ለእኛ ግን መነሻ ይሆነናል። 15 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ስልክ ላይ ያለውን መሥራት ትችላላችሁ፤ የሐኪም ቀጠሮውን ግን በዚያው ቀን ያዙ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከ0 ሌላ መልስ ከሰጣችሁ ደግሞ ድምሩ 3 ቢሆንም ለሰው ተናገሩ።

ቁጥሩን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልክ ላይ አይደለም፤ ወረቀት ላይ። በኋላ ይፈለጋል።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የደም ማነስና አንዳንድ መድኃኒቶችም ልክ ድባቴ የሚመስል ነገር ያመጣሉ። ደም ከተመረመራችሁ ዓመት ካለፈ በመንገዳችሁ ላይ ይህንንም አሳዩ።

2. አንድ ብቻ ምረጡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ምርጫው ራሱ ሥራ ይሆንና ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ለምርጫው አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡት። የምታዩት እነዚህን ነው።

ማን ሠራው? ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና ተቋም ወይም ስማቸውን የጻፉ ባለሙያዎች ከሆኑ ጥሩ ነው። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ላይ ሰው ከሌለ እለፉት።

ምን ያሠራል? «ሲቢቲ» የሚባለው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ «ቢሄቪየራል አክቲቬሽን» ማለትም እንቅስቃሴን መልሶ የመቀስቀስ ዘዴ፣ ወይም ችግርን ከፋፍሎ የመፍታት ዘዴ ከሆነ በጥናት የተፈተኑ መንገዶች ናቸው። «በ21 ቀን አዲስ ሰው» የሚል ከሆነ ዝጉት።

ምን ይጠይቃል? ካርድ ቁጥር አስቀድሞ የሚፈልግ ከሆነ ነጻ አይደለም ማለት ነው። የግላዊነት ገጹ የምትጽፉትን ለማስታወቂያ ድርጅት እንደሚያካፍል ከነገራችሁ ደግሞ የጓዳችሁን ነገር አደባባይ እንደ ማውጣት ቁጠሩት።

በየትኛው ቋንቋ ነው? ይህን ብዙዎች አያነሡትም። ለእኔ ግን ትልቅ ነው። በእንግሊዝኛ ሪፖርት የምንጽፍ ሰዎች እንኳ ሆድ ሲብሰን በእንግሊዝኛ አይደለም የምናለቅሰው። መመሪያው በሌላ ቋንቋ ቢሆንም መልሱን በአማርኛ ጻፉት። ማንም አያርመውም፤ ነጥብም አይሰጥበትም።

ዛሬ ጊዜያችሁ ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ ባለ አንድ ጊዜውን ውሰዱ። በየሳምንቱ ቀጠሮ ማክበር የምትችሉበት ወቅት ላይ ከሆናችሁ ባለ ብዙ ክፍሉን። የወደዳችሁት ከሌለ ከዚህ በታች 4 ላይ ያለውን ራሱን በወረቀት መሥራት ይቻላል።

ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ማውራትስ? ሐሳብን ለማፍታታት ሊረዳ ይችላል። ግን አዛኝ ይመስልና ለምትሉት ሁሉ «ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ» ይላል። ድባቴ ደግሞ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ሕክምና ብላችሁ አትያዙት።

ከመረጣችሁ በኋላ ሌሎቹን ከስልካችሁ አጥፉ። ሁሉንም።

3. ሰዓትና ቦታ

አጭር ነው። ከቀኑ ውስጥ ትንሽ የሚሻላችሁን ሰዓት ፈልጉ። ድባቴ ብዙ ሰው ላይ ጠዋት ይብሳል፤ እንዲያ ከሆነ ወደ ከሰዓት ውሰዱት። አልጋ ላይ አትሥሩት። ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኖቲፊኬሽን ዝጉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሌሊት ላይ አትጀምሩ፤ በሌሊት ማሰብ የሚባል ነገር የለም፣ ማብሰልሰል ነው።

4. ግማሽ ሰዓቱ

የአብዛኞቹ አጫጭር መርጃዎች እምብርት አንድ ነው። የመረጣችሁት ምንም ይሁን ምን ይህን በሌላ ልብስ ታገኙታላችሁ።

ድባቴ ሲመጣ ነገሮችን እንተዋለን። ስልክ አናነሳም፣ ቀጠሮ እንሰርዛለን፣ ገላ መታጠብ ይዘገያል። ለጊዜው እፎይ ይላል። ችግሩ፣ የተውነው ነገር ውስጥ ደስ የሚለውም፣ «ሠራሁት» የሚያሰኘውም፣ ከሰው የሚያገናኘውም አለ። እነሱ ሲሄዱ ስሜታችን ይወርዳል። ሲወርድ ሌላም እንተዋለን። ይህን አዙሪት በ1970ዎቹ አጥርቶ ያስቀመጠው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ሌዊንሰን ነው። በ1996 ደግሞ ኒል ጄኮብሰንና ባልደረቦቹ ሕክምናውን ፈታተው መረመሩት። እንቅስቃሴን ብቻ የቀሰቀሰው ክፍል ሐሳብን ጭምር ከሚያርመው ሙሉ ሕክምና ጋር እኩል ሆኖ አገኙት።

ነገሩ ሲጠቃለል፣ ደስ እስኪለን ጠብቀን አይደለም የምንሠራው። እንሠራለን፣ ደስታው ከመጣ ከኋላ ይመጣል። «ልቤ ሲነሣ እነሣለሁ» ያለ ሰው ይቆያል።

አሁን ወረቀቱን አምጡ።

*ትናንትን ጻፉ (አምስት ደቂቃ)።* ከመንቃት እስከ መተኛት፣ በጥቅል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ስሜታችሁን ከ0 እስከ 10 ስጡት። የእኔ አንድ ቀን ይህን ይመስል ነበር።

«ጠዋት፣ አልጋ ላይ ስልክ፣ 2። ረፋድ፣ አሁንም አልጋ፣ 1። ቀትር፣ ገላዬን ታጠብሁ፣ 3። ከሰዓት፣ ሶፋ ላይ ስልክ፣ 2። አመሻሽ፣ ጎረቤት አንኳኩቶ ሳጥን እንዳግዘው ጠየቀኝ፣ ተሸከምን፣ 5። ማታ፣ ስልክ፣ 1።»

ያን ዕለት ብትጠይቁኝ «ሙሉ ቀን ዜሮ ነበርሁ» እል ነበር። ወረቀቱ ግን እንዲያ አይልም። አምስት አለ። ያውም ሳጥን ለመሸከም! በሩ ሲንኳኳ «ምነው ባልነበርሁ» ብዬ ነበር የከፈትሁት። ሦስት ጊዜ የተጻፈው «ስልክ» ደግሞ ከ2 አልፎ አያውቅም። ይህን ማንም ሊነግረኝ አይችልም ነበር። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው የነገረኝ።

*አንድ ነገር ምረጡ (አምስት ደቂቃ)።* ለእናንተ ትርጉም ካለው ነገር ተነሡ። ድሮ የምትወዱት፣ ሲያልቅ እፎይ የሚያሰኝ፣ ወይም ሌላ ሰው ያለበት። «መሆን ያለበት» ብላችሁ ሌላው ሰው የሚያደርገውን አትምረጡ። መሮጥ የማይወድ ሰው በድባቴ ጊዜ መሮጥ አይጀምርም።

*አሳንሱት (አሥር ደቂቃ)።* ሥራው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁሌም ይገዝፋል።

«ስፖርት እጀምራለሁ።» ይህ ምኞት ነው። መቼ? የት? ስንት ደቂቃ?

«በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ።» ትንሽ ይሻላል። ግን «በየቀኑ» የሚለው ወጥመድ ነው። ረቡዕ ሲቀር ሐሙስ «ድሮስ እኔ» ብለን እንተወዋለን።

«ማክሰኞ ጠዋት ጥርሴን ቦርሼ እንደጨረስሁ፣ ጫማዬን አድርጌ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ እመለሳለሁ።» አሁን ዕቅድ ሆነ። ቀን አለው፤ ከምን በኋላ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ መጨረሻም አለው።

ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ማክሰኞ በጣም መጥፎ ቀን ቢሆን ይህን የማድረግ ዕድሌ ከ10 ስንት ነው? ከ7 በታች ከሆነ አሁንም ቁረጡት። እስከ በሩ። እስከ ደረጃው። «ይህማ ምን ሥራ ነው?» የሚያሰኝ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ልክ ነው። የሚያሳፍር ትንሽነት እዚህ አይነወርም።

*መሰናክሉን ቀድማችሁ ጻፉ (አምስት ደቂቃ)።* «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል መልክ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ይህን መልክ ለረጅም ዓመታት አጥንቶታል። ከባዶ «አደርገዋለሁ» ይልቅ የተሻለ ይፈጸማል። ምሳሌ፦ «ጫማውን ሳየው ጉልበቴ ከከዳኝ፣ ጫማውን ብቻ አድርጌ በሩ ላይ እቆማለሁ።» «ከዘነበ፣ ቤት ውስጥ መስኮቱን ከፍቼ አልጋዬን አነጥፋለሁ።» ሁለት ይበቃል።

*ለሌላ ሰው ጻፉ (አምስት ደቂቃ)።* ብዙዎቹ ባለ አንድ ጊዜ መርጃዎች የሚጨርሱት በዚህ ነው። እንደ እናንተ የደበተውን የማታውቁት ሰው አስቡና ዛሬ ያያችሁትን በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ሞኝነት ይመስላል። ግን ለራሳችን ስንናገር «ሰነፍ» የምንለውን ነገር ለሌላ ሰው ስንጽፍ «ደክሞህ ነው» እንላለን። የእኔን ደብዳቤ ሳነበው የማላውቀው ደግ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

ከዚያ ዝጉ። «አንድ ጊዜ ልጨምር» አትበሉ።

5. ሐሳብ ላይ መሥራት፣ ከተቻለ

ባለ ብዙ ክፍል ከመረጣችሁ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ሐሳብን የሚመረምር ሠንጠረዥ ይመጣል። ከሐኪሙ ከአሮን ቤክ የ1960ዎቹ ሥራ የተወረሰ ነው። በምሳሌ ቶሎ እንለፈው።

የሆነው፦ ጓደኛዬ ለመልእክቴ ሁለት ቀን አልመለሰልኝም። ያሰብሁት፦ ሰልችቼዋለሁ። ምን ያህል አምነዋለሁ፦ 90 በመቶ። የሚደግፈው፦ አልመለሰም። የማይደግፈው፦ ባለፈው ወርም አራት ቀን ቆይቶ ነው የመለሰው፤ ያን ጊዜ ፈተና ላይ ነበር። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሌላም ሰው ይዘገያል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፦ አይቶ ረስቶት። አሁን ምን ያህል አምነዋለሁ፦ 60።

60 ጥሩ ነው። ወደ 0 እንዲወርድ አትጠብቁ። «ሁሉም ሰው ይወደኛል» ማለትም አይጠበቅባችሁም። ከ90 ወደ 60 ከወረደ ሁለተኛ መልእክት ለመላክ የሚበቃ ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሠንጠረዡን እየሞላችሁ ሐሳቡ እየባሰ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ ከሄደ አቁሙና ወደ 4 ተመለሱ። እግር መንቀሳቀስ ይቅደም።

6. አንድ ሰው ከጎን

ብቻን የሚሠራ ነገር ነው ብለን ጀምረን «ሰው ፈልጉ» ማለት ትንሽ ያስቃል። ግን የጥናቶቹ ነገር ወደዚህ ነው የሚመራው።

በ2015 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ጥናት 691 የድባቴ ታካሚዎችን ተከትሎ ነበር። ለከፊሎቹ ከተለመደው ሕክምና ሌላ ከሁለት ታዋቂ የኮምፒውተር መርጃዎች አንዱ ተሰጣቸው፤ ከሁለቱ አንደኛው ሙድጂም ነበር። ውጤቱ? ከተለመደው ሕክምና ብቻ የተሻለ አልሆነም። ምክንያቱ ሲታይ፣ ሙሉውን የጨረሱት ከስድስት ሰው አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ያ ጥናት «መርጃው አይሠራም» ከሚለው ይልቅ «ብቻውን የተተወ ሰው አይጨርሰውም» የሚለውን ነው ለእኔ የሚነግረኝ።

በ2021 የወጣ 39 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ ደግሞ ይህን አጠናከረው። ቀላል ምልክት ላላቸው ሰዎች ብቻን መሥራትና በሰው እየታገዙ መሥራት እምብዛም ልዩነት የላቸውም። ከመካከለኛ ጀምሮ ግን የሰው እገዛ ያለው ይሻላል። ነጥባችሁ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው።

ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሐኪም መሆን አይጠበቅባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ሊባኖስ ውስጥ ከጤና ሚኒስቴሩ ጋር የሞከረው «ስቴፕ ባይ ስቴፕ» የሚባል ባለ አምስት ክፍል መርጃ አለ። እዚያ እገዛውን የሰጡት ሥልጠና ያገኙ ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ በሳምንት 15 ደቂቃ ያህል። ውጤቱም ጥሩ ነበር።

እናንተም አንድ ሰው ምረጡ። ምክር የሚያበዛውን አይደለም። «ራስህን አጠንክር» የሚለውን በፍጹም። እንዲህ ብላችሁ መልእክት ላኩ፦ «ሰሞኑን ደህና አይደለሁም። አንድ ትንሽ ነገር እየሞከርሁ ነው። ማክሰኞ ማታ ‹አደረግህ?› ብለህ ጠይቀኝ። ሌላ ነገር ማለት አያስፈልግህም።» ለእህት ከሆነ «ጠይቂኝ» ነው፤ ለታላቅ ከሆነ «ይጠይቁኝ»። ዋናው ጥያቄውን አሳጥሮ መስጠት ነው። ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሲነገረው ይቀለዋል።

7. ሁለቱ ሳምንታት

ማክሰኞ ደረሰ። አደረጋችሁት። ምን ተሰማችሁ? ምናልባት ምንም። ይህ ያጋጥማል። የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጣዕም የላቸውም፤ አፍ እንደ መረረው ሰው ነው፣ ምግቡ አይደለም ችግሩ። ከማድረጋችሁ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ብቻ ጻፉ። ከ2 ወደ 3 ከሄደ ጻፉት። ካልሄደም ጻፉት።

አላደረጋችሁትም? እንግዲያው ዕቅዱ ትልቅ ነበር። ዕቅዱን ተቆጡት እንጂ ራሳችሁን አትቆጡ። በግማሽ ቁረጡና ለሐሙስ ጻፉት። እኔ የመጀመሪያውን ዕቅዴን ሦስት ጊዜ ቆርጬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የቀረው «መጋረጃውን መክፈት» ነበር። እሱን አደረግሁት።

ከሠራላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። አንድ ጥሩ ቀን ሲመጣ የሦስት ወር ዕዳ በአንድ ከሰዓት ለመክፈል መነሣት አለ። ቤቱን ሙሉ ማጽዳት፣ ሃያ ሰው ጋ መደወል። በማግሥቱ መውደቅ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ነገር ጨምሩ።

በ14ኛው ቀን ፒኤችኪው-9ን እንደገና ሙሉ። የቀድሞውን ሳታዩ። ከዚያ አስተያዩ። አምስት ነጥብና ከዚያ በላይ መውረድ ሐኪሞች ትርጉም ያለው ለውጥ የሚሉት ነው። ሁለት ሦስት ከወረደ መንገዱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። ከወጣ፣ ወይም ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ አዲስ ነገር ከመጣ፣ አትጨምሩ፤ ወደ ባለሙያ ሂዱ።

በአራተኛው ሳምንት እዚያው ከሆናችሁ ሌላ መተግበሪያ አታውርዱ። መርጃው ሞከረ፤ እናንተም ሞከራችሁ፤ ሌላ ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው። የንግግር ሕክምና አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መውሰድ አለ።

ሐኪም ፊት ሲቀመጡ አፍ ይተሳሰራል። «እንዴት ነህ?» ሲሉን ከልማድ «ደህና ነኝ» ብለን የመጣንበትን እንረሳለን። ስለዚህ ወረቀቶቹን ይዛችሁ ሂዱ። ነጥቦቹ ከነቀናቸው፣ የትናንቱ ሠንጠረዥ፣ የተቆራረጠው ዕቅድ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርም ከላይ ጻፉበት፦ «ሁለት ወር ሆነኝ። ነጥቤ 14 ነበር፤ ከአራት ሳምንት በኋላም 14 ነው። ይህን ሞክሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ።» ማንበብ ካቃታችሁ ወረቀቱን ማቀበል ይበቃል።